ቁጥር ሠላሳ ሁለት

ባሕሩ ደንብ አክባሪ ሰው ነው። የውድድሩን ደንብ በሙሉ በእጁ ገልብጦ ከፍራሹ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። ፋይሉ ዋቭ፣ ሃያ አራት ቢት ይሁን። ከተላኩት ድምፆች ውጪ ምንም አይጨመርበት። ስም አይጻፍበት፤ ቁጥር ብቻ። ቁጥሩን ለወዳጁም ቢሆን የተናገረ ይሰረዛል። የሰው ሥራ የሰረቀ ደግሞ እስከ ወዲያኛው ይባረራል፤ ስሙም ቻናሉ ላይ ይለጠፋል።

ውድድሩን ያዘጋጀው አዲስ አበባ ያለ ስቱዲዮ ነው። ዐረብ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያን አንድ ዘፈን ከበሮውን ለብቻ፣ ክራሩን ለብቻ፣ ድምፁን ለብቻ አድርጎ በቴሌግራም ይልካል። ተወዳዳሪው አመጣጥኖ፣ አስማምቶ፣ አንድ ዘፈን አድርጎ ይመልሳል። ያሸነፈ ትኬት ተቆርጦለት እዚያው ስቱዲዮ ይቀጠራል።

ለባሕሩ ይሄ ጨዋታ አልነበረም። ጅዳ፣ ኑዝላ በሚባል ሰፈር ምንጣፍ ያጥባል። አሠሪው፣ ከፊሉ፣ «ከሥራ ጠፍቶብኛል» ብሎ ስላስመዘገበው የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ዋጋ የለውም፤ ዛሬ ነገ ተይዞ በነጠላ ጫማ አገሩ መግባቱ አይቀርም። እሱ ግን ሥራ ይዞ ገብቶ ስንቅነሽን ማግባት ነው የፈለገው።

ስንቅነሽን ያገኛት ባሕር ዳርቻው፣ ኮርኒሽ ላይ፣ የማዳሟን ልጆች ስትጠብቅ ነው። ማተቧን በአባያዋ ስር እንደደበቀች ጎንበስ ስትል አየባትና በአማርኛ ሰላም አላት። ከዚያ ወዲህ በአካል የተገናኙት ሦስት ጊዜ ነው። የምትሠራበት ቤት እዚያው ጅዳ፣ ወደ ሩዋይስ ነው ብላዋለች፤ ማዳሟ ግን ጁምዓ እንኳ አታስወጣትም። የቀረው ሁሉ በስልክ፣ በኢሞ ነው። እሱ ከበሮና ክራር እንዴት እንደሚያስማማ ከነምስጢሩ ያወራል፣ እሷ ልብስ እየተኮሰች ትሰማለች። ስምንት ወር ሙሉ አልሰለቻትም፤ እንዲህ ያለች ሴት ከየት ትገኛለች? አንድ ቀን «እኔ ቀድሜህ አገር ብገባስ?» አለችው። «በማግስቱ እጄን ለፖሊስ ሰጥቼ እከተልሻለሁ» አላት፤ ሳቁ።

ከአርባ ስድስት ተወዳዳሪ ሁለት ቀሩ። ቻናሉ የሁለቱን ስምና አድራሻ ኢቃማቸው ላይ እንዳለው፣ ከነፋይላቸው ለጠፈ። ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ባሕሩ፣ ጅዳ ኑዝላ። ቁጥር ሠላሳ ሁለት፣ ዘሀራ፣ መካ ሩሰይፋ። ቅሬታ ያለው እስከ ነገ አሥር ሰዓት ያቅርብ ይላል።

ባሕሩ የዘሀራን ፋይል ከፈተ። ግማሹ ላይ ሳይደርስ ደሙ ፈላ። ዘፋኟ ትንፋሽ በሳበች ቁጥር ከበሮው እንደ ማፈር ብሎ ዝቅ ይላል። ይሄን ማንም አላስተማረውም። ሁለት ዓመት ጆሮውን ቀስሮ ራሱ ያገኘው ነገር ነው። ክራሩ የተቀመጠበት ቦታም የሱ ነው፣ ማስተጋቢያው የሚጠፋበት መንገድም የሱ ነው። ምኑ ይቀራል? ስሙ ብቻ።

ጥርጣሬው ያዕቆብ ላይ ወደቀ። ያዕቆብ ለሥራ ሲል እንደ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ፓስፖርቱና ኢቃማው ላይ በእስላም ስም በድሩ ይባላል፤ የውኃ ቦቴ ይነዳል፣ አብረው ይኖራሉ፣ ማታ ማታም በባሕሩ ላፕቶፕ ፊልም ያያል። ባሕሩ ኮሌታውን ይዞ ሥራዬን ለማን ነው የሰጠኸው አለው። ያዕቆብ በገብርኤል ማለ። ፋይል መስጠት ቀርቶ ፊልሙን የሚከፍትልኝም አንተ ነህ አለ። እውነቱን ነበር፤ ባሕሩ ግን አላመነውም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንቅነሽ ደወለች። እንኳን ደስ ያለህ ስትለው ድምፅዋ የራሷን ሠርግ የምትጠራ ይመስል ነበር። ባሕሩ አላስጨረሳትም። ዘሀራ የምትባል አንዲት የመካ ሌባ ሥራውን እንዳለ እንደገለበጠች፣ አሁኑኑ ሊከሳት እንደሆነ ነገራት።

«ካልሰረቀችስ?» አለች ስንቅነሽ።

«ታዲያ እጄን ከየት አመጣችው?»

«ባሕሩዬ፣ እስከ ማታ ጠብቀኝ። ማዳም አጠገቤ ናት። ስትወጣልኝ አንድ የምነግርህ ነገር አለ።»

«ማታ የለም፤ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ደግሞ ለሌባ ነው የምታዝኚው?»

«ኸላስ፣ በቃ» ብሎ ዘጋባት። ሦስት ጊዜ መልሳ ደወለች፤ አላነሳም። የሚጽፈው ነበረው።

ቅሬታውን እንደ ደንቡ ጻፈ። ከበሮው ዝቅ የሚልባቸውን አሥራ አንድ ቦታዎች ከነደቂቃቸው ዘረዘረ። በዚሁ እጅ የሠራቸውን የቆዩ ሥራዎቹን ከነቀናቸው አያያዘ። ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ላከው። ትኬቱም ሥራውም ስንቅነሽም ያሉት እዚያ ፋይል ላይ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መልስ መጣ። ዳኞቹ ሁለቱን አስተያይተው አንድ እጅ መሆኑን አምነዋል። ቁጥር ሠላሳ ሁለት ተሰርዛለች። ስሟ ከመለጠፉ በፊት ግን ሁለቱም ፓስፖርታቸውን ይዘው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በቪዲዮ ይቅረቡ፤ ደንብ ነው።

ባሕሩ ፊቱን ታጠበ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ለስንቅነሽ «አሸነፍን፣ የኔ ፍቅር» ብሎ ጻፈላት፤ መልእክቱን አይታዋለች፣ አልመለሰችም። ማዳሟ ናት ብሎ ተወው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። የዚያችን ሌባ ዓይን ለማየት ቸኩሏል።

ዳኛው ተራ በተራ ፓስፖርት አሳዩን አለና የሁለተኛዋ ተወዳዳሪ ምስል ተከፈተ፤ ዘሀራ የሚለውን ፓስፖርት ከአገጯ ስር ይዛ የቀረበችው ስንቅነሽ ነበረች።