ሻማል አልሰማም አለ

ማምቤት ውሻውን ሲጠራ መንደሩ በሙሉ ይሰማል። የማይሰማው ውሻው ብቻ ነው።

«ሻማል! ና ሻማል!»

ስሙን ያወጣለት ራሱ ነው፤ ነፋስ ማለት ነው። ቡችላውን ለምራቱ ለአሲልካን አስረክቦ፣ መንጋውን ይዞ ወደ ተራራው ግጦሽ ወጣ። ሲመለስ እግረ ረጅም፣ ሸንቃጣ የአደን ውሻ ጠበቀው። ምን ዋጋ አለው፣ ሲጠሩት ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም።

ደንቁሮ ይሆናል ተባለና ማምቤትና ምራቱ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዱት።

«የባለቤቱ ስም ማን ነው?» አላት ሐኪሙ። አሲልካን ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች።

«እሷን ተዋት። ማምቤት ብለህ ጻፍ» አለ ሽማግሌው ደረቱን ነፍቶ። «ቤቴ ከገባች ጀምሮ፣ እንደ ወጋችን፣ የአማቷ ስም አንድ ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የዛሬ ምራቶች እንደሷ የት አሉ!»

ጠረጴዛው ሥር የተጋደመው ሻማል ብድግ አለ።

«ጆሮውስ ከእኔም ከአንተም ይሻላል» አለ ሐኪሙ።

ስለዚህ ማሠልጠን ነው። አንድ የድሮ አዳኝ መከረው፦ በባዶ ሆዱ ጥራው፤ ሲመጣ ሥጋ ስጠው፤ ቢዘገይም እንዳትመታው። ማምቤት ከራሱ ምሳ ላይ የበግ ላት እየቆረጠ አጎረሰው። ሻማል እጁን አይቶ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። እጁ ባዶ የሆነ ቀን ግን ማምቤት እንደሌለ ይቆጠራል። ሽማግሌው ሆዱ ባባ፤ ይህን ውሻ ከልቡ ወዶታል።

ይባስ ብሎ ጎረቤቱ ዱይሼን አለ። ጠዋት አጥሩን ተደግፎ «ማምቤት! እንዴት አደርክ?» ሲል፣ ሻማል አጥሩን ዘሎ የዱይሼንን እጅ ይልሳል።

«በድብቅ እያበላህ ውሻዬን አባለግከው!» አለው አንድ ቀን፣ ቱግ ብሎ።

«እኔ? ለእኔም ሚስቴ እየመጠነች ነው የምትሰጠኝ!»

ማምቤት ኪሱን በረበረው። ከትንባሆ በቀር ምንም የለም።

«ታዲያ ምን አድርገህለት ነው?»

«ደህና አደርክ ከማለት በቀር ምን አደረግኩ፣ አንተ ሰውዬ!»

ማምቤት አላመነውም። ወደ ምራቱ ዞረ። «የምታበይው አንቺ ነሽ። ይህ ሰው ሲያባብለው አላየሽም?»

«እኔማ ጓሮ ወስጄ ነው የማበላው፣ አባባ። አላየሁም» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«እንግዲያው ስሚ። እሁድ በአደን ውድድሩ፣ ሰው ሁሉ ፊት ስጠራው ካልመጣልኝ ለከብት ነጋዴው እሰጠዋለሁ። ከሚያዋርደኝ ይሂድ!»

አሲልካን ወደ ማድቤት ገባች። ሻማልን ከጉያዋ ሸጉጣ ያሳደገችው እሷ ናት። የዚያን ዕለት ሾርባው ሁለቴ ጨው ተጨምሮበት ቀረበ።

እሁድ ሜዳው በሰው ሞላ፤ የከብት ነጋዴውም ገመዱን ይዞ መጥቷል። ውሻው በፈረሰኛ የሚጎተተውን የቀበሮ ቆዳ አባሮ ይይዛል፤ ከዚያ ጌታው ሲጠራው ይመለሳል። ደንቡ ይኸው ነው።

«ማምቤት፣ ተራህ ነው!» ብሎ የውድድሩ መሪ ሲጣራ፣ ሻማል ከጌታው ቀድሞ መሪው ፊት ተገተረ።

«አያችሁ? ጓጉቷል!» አለ ማምቤት፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየታየ።

ሻማል እውነትም ነፋስ ነበር። ቆዳውን ገና ከመነሻው ቀለበው። ማምቤት እጁን ዘርግቶ «ሻማል!» አለ። ሻማል ቆዳውን ነክሶ ወደ ወንዙ ወረደ። «ሻማል! ሻማል!» ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ውሻው ተሻግሮ ማዶ ተጋደመ።

«በርታ፣ ሳንባህን ያጠነክርልሃል!» አለ ዱይሼን፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ማምቤት አንገቱን ደፋ። «በቃ፣ ያንተ ነው። ውሰደው» አለው ነጋዴውን። ነጋዴው ገመዱን ይዞ ወደ ወንዙ መራመድ ጀመረ።

አሲልካን ገመዱን አየች። አማቷን አየች። ሻሿን ከአፏ ላይ ገፋ አድርጋ፣ ጓሮ እንደለመደችው ድምፅዋን ለቀቀችው፤ ውሻውም ቆዳውን ጥሎ፣ ወንዙን እየሰነጠቀ፣ ጭራውን እየቆላ በረረላት።

«ማምቤት! አንተ ሆዳም ማምቤት፣ ና ወዲህ!»