ቅርፊት ያለው ዓሣ

ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሱን መንጠቆ ይዛ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆመች። ለምን እንደመጣች ለራሷም አልገባትም። ክሩ ሲወጠር ሳበችው፤ ደስታም ድንጋጤም አልተሰማትም። ሣሩ ላይ የወደቀው ዓሣ ጥቁርና ልሙጥ ነው፤ አፉ ዙሪያ ጢም የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል።

«ጋሽ ዳንጊሶ፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለቻቸው፣ አጠገቧ መረብ የሚጠግኑትን ሽማግሌ።

«አምባዛ ነዋ!»

ቅርፊት የሌለው ዓሣ ከእናቷ ቤት ጀምሮ እርሟ ነው። ባሏም ይህን ስለሚያውቅ ባለቅርፊቱን ቆሮሶ እያጠመደ፣ እዚሁ አስገፍፎ፣ ሥጋውን ብቻ ነበር የሚያመጣላት።

«ወደ ውሃው ልመልሰው» አለች። «እኛ ቤት ከቆሮሶ ሌላ ገብቶ አያውቅም።»

ሽማግሌው ሥራቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ ያንቺ ባል ቆሮሶ ይዞ አያውቅም። ከአምባዛ ሌላ እጁ አይገባለትም ነበር። ቆዳውን የምገፍፍለት እኔ ነበርኩ።»

ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም። ዓሣውን ከሣሩ ላይ አንስታ ሰጠቻቸው።

«ይግፈፉልኝ» አለች። «ሲሰጡኝ ግን ቆሮሶ ነው ይበሉኝ።»