ፀጉር የምታህል ቦይ

አውራ ጣቷ እስኪነጣ ድረስ ሲሪንጁን ትጫነዋለች፤ አይገባም። ትንሽ ቆይታ እንደገና ትጫናለች። ማጠቢያው አልኮል በመርፌው ዙሪያ ተመልሶ ጓንቷ ላይ ይፈሳል እንጂ ወደ ቺፗ ጠብ አይልም።

"ተደፈነ!" ትላለች ለራሷ። "ይሄም ተደፈነ!"

ቺፗ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ፣ ብርጭቆ የመሰለች ፕላስቲክ ናት። ማሽኑ በብርሃን ከሚደርቅ ፈሳሽ፣ ስስ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ ያትማታል። ሆዷ ውስጥ ፀጉር የምታህል ቦይ አለች፤ ቁም ነገሩ ያቺ ቦይ ነች። እሷ ከተከፈተች አንዲት የደም ጠብታ ለምርመራ ትበቃለች። ውስጧ የቀረው ፈሳሽ ሳይታጠብ ከደረቀ ግን አለቀላት። ይኸው ዛሬ አሥራ አንደኛዋ ተዘጋች። ሚጡ ወደ ቅርጫቱ ትወረውራታለች፤ ቅርጫቱንም ትስታለች። ያም ያናድዳታል።

ሚጡ የቤት ስሟ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት፣ የቤተ ሙከራው በር ላይ ማዕረጓ በትልቁ ተጽፎ እንኳ ታላቅ እህቷ በሌላ ስም ጠርታት አታውቅም። እህትየዋ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርስ ናት። ጋውኗን እንደለበሰች መጥታ፣ ቺፗን ይዛ ለመሄድ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች።

"ስንት ደቂቃ ቀረን?" ትላለች ሚጡ።

"አርባ። ሐኪሞቹ ከምሳ እንደተመለሱ ቺፗን ለማየት ይሰበሰባሉ።"

"ባዶ እጅሽን ብትሄጂስ?"

"ታውቂው የለም እንዴ? ሰኞ ማሽኑን የጥርስ ክፍል ይወስደዋል። እኔም መውጋቴን እቀጥላለሁ።"

የምትወጋው የሕፃናቱን ተረከዝ ነው። ክንዳቸው ከአውራ ጣቷ የማይወፍር ልጆች ናቸው። የላቦራቶሪው ቱቦ እስኪሞላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትወጋቸዋለች፤ ቤቷ ስትገባ ለቅሷቸው አብሯት ይገባል። ባለፈው ስብሰባ ላይ "እህቴ ትሠራዋለች" ብላ አፏን ሞልታ የተናገረችው ለዚህ ነው።

"ባለፈው ወር ሁለት ቺፖች ሠርተው አልነበር?"

"ሠርተዋል! እሱ አይደል የሚያሳብደኝ! ያው ማሽን፣ ያው ፈሳሽ፣ ያው እጅ። እነሱም በሙከራ አለቁ እንጂ አንዷን ብደብቃት ኖሮ..." ንግግሯን አትጨርሰውም። ብትጨርሰው ታለቅሳለች።

ማሽኑ ጢጥ ይላል። አሥራ ሁለተኛዋ ወጣች። የፈሳሹ ጠርሙስም ባዶ ነው፤ ከዚህች በኋላ ሌላ የለም።

ሚጡ የማሽኑን ብርቱካናማ ክዳን ለማንሣት ትንደረደራለች። ልማዷ ነው፤ ቺፗ ገና ከማሽኑ እንደወጣች መስኮቱ ጋ ይዛት ትሮጥና ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ቦይዋን እያገላበጠች ታያለች። ሳታይ ማጠብ አይሆንላትም። አሥራ አንዱንም እንዲሁ አይታቸዋለች። ሁሉም ደህና ይመስሉ ነበር፤ የሚከዷት ልታጥባቸው ስትል ነው።

"ሚጡ፣ ቆይማ።"

"አሁን አታናግሪኝ፣ እታለም።"

"አንድ ነገር ብቻ። ይሄ ክዳን ለምንድን ነው ባለቀለም የሆነው?"

"ብርሃን እንዳያስገባ ነዋ። ፈሳሹ ፀሐይ ካየ ይደርቃል።"

"ጠርሙሱስ ጥቁር የሆነው?"

"ለዚያው! በእናትሽ፣ ፈተና ላይ አስቀመጥሽኝ እንዴ?"

"ታዲያ አንቺ እያወጣሽ ለምን ለፀሐይ ታሳያታለሽ?"

ሚጡ ወደ ክዳኑ የዘረጋችውን እጇን ትሰበስባለች።

"ሁለቱ የሠሩልሽ ሰሞን ደግሞ ዝናብ ነበር" ትላለች እህቷ ቀስ ብላ። "ላያቸው የመጣሁ ቀን ጫማዬ በስብሶ ነበር።"

ሚጡ ክው ትላለች። ቀድሞ የሚመጣባት ደስታ አይደለም፤ ንዴት ነው። ማሽኑን ረግማ፣ ፈሳሹን የላኩላትን ሰዎች በደብዳቤ ወጥራ ይዛ፣ ለካ አሥራ አንዱንም የደፈነቻቸው ራሷ ናት። ለማየት ስትቸኩል ነው ያደረቀቻቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ! በእህቷም ትናደዳለች፤ ምንም ሳታጠፋ፣ ልክ በመሆኗ ብቻ።

"መጋረጃውን ዝጊው" ትላለች በሻከረ ድምፅ። "መብራቱንም።"

ክፍሉ ይጨልማል። ቺፗን በዳሰሳ ከማሽኑ ታላቅቃታለች። እጇ ሳታዘው ወደ መስኮቱ ከፍ ሲል እህቷ አንጓዋን ቀብ ታደርጋታለች። ሚጡ የቦይዋን መግቢያ በጣቷ ጫፍ ፈልጋ መርፌውን ትሰካለች። እህቷ ጓንት አጥልቃ መዳፏን በወዲያኛው ጫፍ፣ ከመውጫዋ ሥር ትዘረጋለች።

ሚጡ ትጫናለች። እምቢ ይላል።

"ቀስ በይ።"

"ቀስ ብያለሁ!"

እንደገና ትጫናለች። አውራ ጣቷ ሥር የሆነ ነገር እሺ ያለ ይመስላል። ግን አታምነውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያታልላት ነው የቆየው።

"እታለም? ንገሪኝ እንጂ! ወጣ?"

እህቷ መዳፏን ይበልጥ ታስጠጋለች።

"ቀዘቀዘኝ" ትላለች በመጨረሻ። "መዳፌ ላይ... ቆይ... ሌላም ጠብታ መጣ።"

ሚጡ ዓይኗን ጨፍና መጫኗን ትቀጥላለች።