አካፋይ አይመርጥም

ባልና ሚስቱ ለመፋታት ቆርጠው የንብረት ክፍፍሉ ላይ ሲደርሱ፣ ሽማግሌው ጋሽ ደምሰው የአባቶችን ልማድ አነሱ። «አንቺ ለሁለት ክፈዪው፣ እሱ ይምረጥ። አካፋይ ስለማይመርጥ አያዳላም።»

ሴትዮዋ በልቧ ደስ አላት። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከልጃቸው ከትርሲት መቃብር ጎን የገዙት፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳርፍ ባዶ ቦታ። ባሏ ከአርባዋ ወዲህ ወደዚያ ዝር ብሎ አያውቅም፤ የልጅቷንም ስም አይጠራም። ማታ ማታ ከተዘጋው የልጅቷ ክፍል የትርሲት ሳል ሲሰማትና እንቅልፍ ሲነሳት፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ያለያያቸውም ይኸው ዝምታው ነው።

«በአንድ ወገን ቤቱ፣ መኪናውና የሁለታችን የጡረታ ቁጠባ» አለች። «በሌላው ወገን የመቃብሩ ቦታ።»

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ይኼ ክፍፍል ነው ወይስ ስጦታ?»

«ክፍፍል ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ አንተ ሰውዬ፣ ዕድልህ ደጅህ ድረስ መጥታልሃለች» አሉት ፈገግ ብለው። «ምረጥ።»

ባልየው የተዘጋውን ክፍል በር ሲያይ ቆየ።

«ቤቱንም ገንዘቡንም እሷ ትውሰደው» አለ ቀስ ብሎ። «ማታ ማታ የትርሲትን ሳል አልቻልኩትም። እኔ ከጎኗ ልሁን።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ ለምርቃት ተነሡ፤ ሴትዮዋም እንደ ወጉ «አሜን» አለች።