ማኅደር አፏን የፈታች ቀን

ታረቀኝ ጨረቃ ላይ ማዕድን ሊያወጣ ከሄደ ወዲህ፣ ሚስቱ ስንዱ የልጃቸውን ትዝታ ትልክለታለች። የተላከ ትዝታ ግን ከላኪው ልብ ይጠፋል። እናም የማኅደርን የመጀመሪያ ጥርስና የመጀመሪያ እርምጃ የሚያስታውሰው እሱ ብቻ ነው። በደወለ ቁጥር ይተርክላታል፤ ስንዱም እንደ ጎረቤት ወሬ ታዳምጠዋለች።

ዛሬ ገንፎ ስታጎርሳት ሕፃኗ የእናቷን ጉንጭ ዳብሳ «እማ» አለቻት። ስንዱ ማንኪያውን እንደያዘች አለቀሰች። ወዲያው ታረቀኝ ደወለ።

«አፏን አልፈታችም? እዚህ እኮ አንቺ ከምትልኪልኝ ሌላ ምንም የለኝም» አላት።

ስንዱ ሕፃኗ ቃሉን እንዳትደግመው ቶሎ ብላ አጎረሰቻት።

«ገና ናት» አለችው።

«አይዞሽ፣ ትደርሳለች» ብሎ አጽናናት።

ስልኩ ሲዘጋ፣ ለባሏ እንኳ የማትነግረውን ደስታ ይዛ ብቻዋን ቀረች።