አንድ ክኒን ለሁለት

«እየወሰድኩ ነው አልኩሽ እኮ» ይላል አባቷ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል። «ባልወስደው በየወሩ እንዴት ያልቃል?»

ሴት ልጁ የደም ምርመራውን ወረቀት እንደገና ታነባለች። ኮሌስትሮሉ ካለፈው ዓመት እጥፍ ሆኗል። አንዴ ልቡ ከድቶት ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ነው፤ ሐኪሙም ይህን ክኒን አንድ ቀን እንኳ እንዳያስታጉል አስጠንቅቆታል። አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ሲዋሽም መንገድ መንገዱን ነው የሚያየው።

እናቷ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ትመጣለች። «እዪልኝ» ትላለች፣ ቀኝ እጇን ለመጨበጥ እየታገለች። አንጓቸው ያበጠ ጣቶቿ መዳፏን ሊነኩ ትንሽ ይቀራቸዋል። «ድሮ እዚህ የት ደርሰው! ትናንት መቀስ ይዤ እጅጌ ቆረጥኩ። ያ የላክሽልኝ መድኃኒት ነው። ተባረኪ ልጄ፣ የልጅ ልጅ እዪ።»

ልጅቷ ምንም መድኃኒት አልላከችም። ወደ አባቷ ትዞራለች። እሱ መስኮቱንም ትቶ ጫማውን ያያል።

እናትየው ውኃ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ትገባለች።

«የራስህን ነው የምትሰጣት?»

«ቀስ በይ፣ ትሰማለች።»

«አባዬ!»

«ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያልሽው?»

ብላለች። ጉዱ እሱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የብዙ ሺህ ሰው ዘረመል ስታነጻጽር ቆይታ፣ ጥናቷ የወጣ ዕለት እራት ላይ ዘርዝራላቸው ነበር። አንዳንድ ሰዎች የኮሌስትሮል ክኒኑን ሥራ በራሱ የሚሠራ ዘረመል ይዘው ይወለዳሉ፤ እነሱን ደግሞ ይህ እማዬን የያዛት የመገጣጠሚያ በሽታ የመያዝ ዕድሉ ትንሽ ቀነስ ይላል። «እና የኔ ክኒን ለቁርጥማት ይሆናል በይኛ?» ሲላት፣ ደስታው አስክሯት «ሊሆን ይችላል» አለችው። ሁለት ቃል። እሷ በነጋታው ረሳችው።

«እሱ እኮ ከነዘረመሉ ስለተወለደ ሰው ነው» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሳይታመም በፊት። አንዴ የታመመን ያድናል የሚል ቃል አልወጣኝም።»

«ታዲያ እጇን ለምን ተሻላት?»

ልትመልስለት አፏን ትከፍታለች። በሽታው ራሱ አንዳንዴ ጋብ ይላል፣ አንዳንዴ ያገረሻል። የልጅ ስጦታ ነው ብሎ መዋጥም ያበረታል። ወይም ደግሞ ክኒኑ የእውነት ረድቷት ይሆናል። ከሦስት መቶ ሺህ ሰው የተገኘ ቁጥር ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ምንም አይነግራትም።

«አላውቅም» ትላለች።

«ሐኪሟን ጠየቅኩት። ኮሌስትሮሏ የሕፃን ነው፣ አላዝዝላትም ብሎ ሳቀብኝ። መድኃኒት ቤቱም ያለ ማዘዣ አልሸጥም አለኝ። የታዘዘላት ሁሉ ደግሞ አልረዳትም። የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት ስታለቅስ አንቺ አላየሽም፣ እኔ ነኝ ያየሁት።» ትንፋሹን ይሰበስባል። «እኛ ሾፌሮች መንገድ ላይ ነዳጅ ያለቀበት ጓደኛ ስናገኝ፣ ከራሳችን መኪና በቱቦ ስበን ነው የምንሰጠው። እኔ መድረሻዬ ቀርቧል። እሷ ገና የምትሰፋው አላት።»

«ልብህ ቀጥ ቢልስ?»

«ሊሆን ይችላል» ይላታል፣ ሳይቀልድ።

እናቷ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ አቅፋ ትመለሳለች። «የዛሬዬን ረሳኸው እንዴ አንተ ሰውዬ?»

አባቷ ከኪሱ የክኒኑን ማሸጊያ አውጥቶ ልጁ ጭን ላይ ያስቀምጠዋል። ውስጡ አንድ ብቻ ቀርቷል። «ዛሬስ ላኪዋ ራሷ ትስጥሽ።»

«እሰይ!» ትላለች እናቷ፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ታኖራለች።

ልጅቷ ክኒኑን ፈልቅቃ ታወጣለች። ነገሩን ብትናገር እናቷ ያን መቀስ ዳግመኛ አታነሳውም፤ ዝም ብትል አባቷን በገዛ እጇ ትቀብረዋለች። ሌላ ሦስተኛ ነገር ትፈልጋለች፤ የለም። ቀና ትላለች።

እናቷ የማይዘረጉ ጣቶቿን የቻለችውን ያህል ዘርግታ ትጠብቃለች። አባቷ ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቷል።