ዘመም ያለችው ሣጥን

አናጢው ሚስቱ ወደ ሥራ ቤቱ ስትገባ ሲያይ ያበጃትን ሣጥን ከጀርባው ሸሸጋት። ለጂኦሜትሪ ተማሪዎቿ የሚሆኑ ፕሪዝሞች እንዲሠራላት የጠየቀችው እሷ ነበረች። ከመታመሙ በፊት የሠራት ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። የዛሬዋ በመሠረትም በቁመትም እኩያዋ ናት፤ ግን ግራ እጁ አልታዘዝ ብሎት ጎኗን ያመማት ይመስል ዘመም ብላ ቀርታለች።

«አምጣት እስቲ።»

«ለማገዶ ናት፣ ቲቸርዬ። እንደ ጌታዋ ቆማም ተኝታለች። ከእንግዲህ መጋዝ በቃኝ።»

«አንተ ሰው፣ ፕሪዝም ስሙን የሚያገኘው ከመሠረቱ ነው፤ ባለ ሦስት ጎን፣ ባለ አራት፣ ባለ ስድስት እያልን እንጠራዋለን። በአቋሙ ደግሞ ቀጥ ያለ አለ፣ ዘመም ያለም አለ። ዘመም ያለውን እስከ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ከመሣል በቀር በእጄ ይዤው አላውቅም» አለችና ቀጥ ያለችውን ሣጥን በሰጋቱራ ሞላቻት። «ያችኛዋን ያዝልኝ። በሁለት እጅህ።»

ሰው ሲመጣ ከሽርጡ ሥር የሚደብቀውን ግራ እጁን እያመነታ አውጥቶ የሸሸጋትን ሣጥን በሁለት እጁ ያዘላት። ሰጋቱራውን ገለበጠችው። ዘመም ያለችው ሣጥን እስከ አፏ ሞላች፤ የፈሰሰም የጎደለም አልነበረም።

ሚስቱ የተቆለመሙ ጣቶቹ ላይ ያረፈውን ብናኝ እፍ አለችለት።

«ባለ አምስት ጎኑ ይቀረኛል» አለ መጋዙን አንሥቶ።

«ቀጥ ያለ ነው ዘመም ያለ?»

«እሱን ለእጄ ተይለት።»